መምህሩ ቢያስነጥስ እንኳን ጻፍልኝ

ፈተናው የተመለሰ ዕለት ሁለቱ ጓደኛሞች ከክፍሉ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። አንደኛው የቡሬ ልጅ ነው፣ ሌላኛው የማንኩሳ። የማንኩሳው ልጅ ዓይነ ሥውር ነው። የቡሬው ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማስታወሻ የሚጽፍለት በጎ ፈቃደኛ ነው። አንድ መምህር ሰምተው፣ ከአንድ ደብተር አጥንተው ነው የተፈተኑት።

የቡሬው ልጅ ከ20 18 አገኘ። የማንኩሳው 13።

አምስቱም ነጥብ የጠፋው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ለሁለቱ ይቀርብ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ለምን አመፀ? የሚል ነው።

የቡሬው ልጅ ሁለቱንም ውጤት ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ ዝም አለ። ምን እንደተፈጠረ ገብቶታል። የማንኩሳውም ገብቶታል። ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ማየት ይሻላል።

*

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ቀጥሎ ማንኩሳ ነው፣ ከዚያ ቡሬ። የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። ማንኩሳን በእግሩ ያልረገጠ ሰው እንኳን ስሟን ያውቃል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” የሚጀምረው እዚያ ነውና።

የማንኩሳው ልጅ ይህን መጽሐፍ ሰምቶታል እንጂ አንብቦት አያውቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከሰፈሩ ልጆች ደርሶት፣ ከብት ከሚጠብቁት እኩዮቹ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው የጨረሰው። ያን ጊዜ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነበር። ሁሉም የሚሰማ ነበር፤ የሚያነብላቸው ደግሞ የሥራውን ልክ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ዓይኑን ያጣው ገና በሕፃንነቱ፣ በኩፍኝ ነው። ብሬል የተማረው ከቤቱ ርቆ በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ፍኖተ ሰላም ከሁለት የቀዬው ልጆች ጋር ቤት ተከራየ። በገጠሩ ልጅ ልማድ ስንቃቸው በገበያ ቀን ከቤት ይመጣል። ማታ ማታ ልጆቹ ያነቡለታል፣ እሱ ደግሞ ወጥ ይሠራል። ማንም ማንንም “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ አያውቅም። ሽሮው ካረረ ግን ንባቡም ያጥር ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ያ ስምምነት ፈረሰ። ሦስቱም የተለያየ ቦታ ደረሳቸው።

አዲሱ ክፍል ውስጥ ተማሪው ብዙ ነው፣ የሚያውቀው ድምፅ የለም። መምህሩ በመጀመሪያው ሰዓት ሰሌዳው ላይ እየጻፈ “እንደምታዩት ይሄ ከዚህ ይመጣል” አለ። የማንኩሳው ልጅ የጠመኔውን ድምፅ ብቻ ሰማ።

በማግስቱ አንዲት ሠራተኛ መጥታ “ማስታወሻ የሚጽፍለት ፈቃደኛ አለ?” ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። የቡሬው ልጅ እጁን አወጣ። ለእውነት ከተነጋገርን፣ እጁን ያወጣው ከደግነቱ ይልቅ ዝምታው ስላስጨነቀው ነው።

“የት አገር ነህ?” አለው አጠገቡ ሲቀመጥ።

“ማንኩሳ።”

“እንዴ! ጎረቤቴ ነህ በለኛ!”

*

ለሌላ ሰው ማስታወሻ መጻፍ ሲያዩት ቀላል ነው። እንዴትም እንዴትም ለራስህ ትጽፍ የለ? የቡሬው ልጅም እንደዚያ ነበር የመሰለው።

በመጀመሪያው ማታ ደብተሩን ከፍቶ ማንበብ ሲጀምር ራሱ የጻፈው ግራ ገባው። ቀስት አለ፣ ከቀስቱ ጫፍ አንድ ቃል አለ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ለዓይን ይህ በቂ ነው። ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ቀስት ምን ይባላል? ጓደኛው ስሌቱን ይዞ፣ ወረቀቱን ወጥሮ፣ ወስፌ በምትመስለው መውጊያ ሊጽፍ ይጠብቃል። ብሬል በዚህ መሣሪያ ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከወረቀቱ ጀርባ እየተወጋ ነው። ሲነበብ ይገለበጥና ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል። የአማርኛው ፊደል ደግሞ ተነባቢውና አናባቢው እየተለያየ ስለሚጻፍ፣ በእስክሪብቶ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ትምህርት የሁለት ሰዓት ማታ ሆነ።

“ታዲያ ለምን በስልክ አትቀዳውም?” ብለው የሚጠይቁ አልጠፉም። ይቀዳል እንጂ! ነገር ግን የሁለት ሰዓት ቅጂ ለመስማት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እንደ ደብተር ገጽ ገልጦ የፈለጉትን ማግኘት የለም። መብራት ከጠፋ ስልኩም ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ስልክ ጠመኔ አያነብም። “ይሄ ከዚህ ይበልጣል” የሚለውን ድምፅ እንደወረደ ይይዘዋል። “ይሄ” የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የቡሬው ልጅ ቀስ በቀስ ሙያውን ተማረ። “ይሄ” እና “ያ” ሲባል ስማቸውን ተክቶ መጻፍ። ቀስቱን “ስለዚህ” ወይም “ከዚህ የተነሣ” ማለት። ሰንጠረዥ ሲሆን መጀመሪያ ስንት ረድፍና ስንት ዓምድ እንዳለው ተናግሮ ከዚያ በየተራ ማንበብ። መምህሩ ከሰሌዳው ያጠፋውን “ጠፋ” ብሎ ማስፈር።

ሎጂክ ላይ የክቦቹ ሥዕል የመጣ ቀን ግን ቃል አጠረው። ሁለት ክብ አለ፣ ጎን ለጎን ሆነው መሐል ላይ ይደራረባሉ፤ ሦስት ጊዜ አስረዳ፣ ሦስት ጊዜ አልሆነም። በመጨረሻ ከጋቢው ጫፍ ሁለት ክር መዘዘ፣ ጠረጴዛው ላይ ክብ ክብ አድርጎ አነባበራቸውና የጓደኛውን ጣት ይዞ ዙሪያውን አስኬደው።

“ይሄኛው ክብ ገበሬዎች ናቸው። ያኛው ነጋዴዎች።”

የማንኩሳው ልጅ ጣቱን መሐል ላይ አቆመ። “እዚህ ያሉት ደግሞ አርሰውም የሚነግዱት ናቸው። ይሄማ አባቴ ነው! በርበሬውን ራሱ ዘርቶ ራሱ ቡሬ ወስዶ ይሸጥ የለ?”

ከዚያ በኋላ ሎጂክን ያስጠናው የነበረው የማንኩሳው ልጅ ነው።

*

አሁን ወደዚያች አምስት ነጥብ እንመለስ።

የታሪክ መምህሩ ስለ ግብር ሲያስተምር ከጽሑፉ ወጣ አለና ስለ ጎጃም አወራ። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ ለምን እንደተነሣ፣ ነገሩ የብር መጠን ብቻ እንዳልነበረ፣ ግመታው የመሬት ልኬታ ያስከትላል፣ ልኬታውም ርስታችንን ይነቅላል የሚል ሥጋት እንደነበረበት አስረዳ። ሰሌዳ ላይ ምንም አልጻፈም። ወንበር ላይ ተደግፎ ነው የነገራቸው።

የቡሬው ልጅ ይህን ከአያቱ አፍ ሲሰማ ነው ያደገው። “እንዲህ ያለውን ማን ያጣዋል?” ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደብተሩ ላይ የቀረችው “ስለ ጎጃም አመፅ ተናገረ” የምትል አንድ መስመር ናት። የማንኩሳው ልጅ በዚያ ሰዓት በብሬል የቀደመውን ርዕስ እየወጋ ስለነበር ጆሮው ግማሽ ነበር። እንደሚጻፍለት ተማምኗል።

ፈተናው ላይ የቡሬው ልጅ ከራሱ አውጥቶ ጻፈ። የማንኩሳው ልጅ ግን በእጁ ያለችው ያቺ አንዲት መስመር ናት። አመፅ እንደነበረ ያውቃል። ለምን እንደሆነ ግን ደብተሩ አልነገረውም።

ደረጃው ላይ ተቀምጠው የቡሬው ልጅ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር ጓደኛው አቋረጠው።

“ክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። አንተ ያወቅከውን እኔም ያወቅኩት መስሎህ ነው። ግን ስማኝ ወንድሜ፣ የቱ ይጠቅማል፣ የቱ አይጠቅምም የሚለውን ለኔ ተውልኝ። መምህሩ ቢያስነጥስ እንኳን ጻፍልኝ። ማስነጠሱን የምጥለው እኔ ልሁን።”

*

ይህ ንግግር ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ብዙ ነገር ይናገራል።

የቡሬው ልጅ እናት ልጃቸው የሚሠራውን ሲሰሙ “ጽድቅ ነው ልጄ፣ ግፋበት” ብለውታል። ክፉ አላሉም። በአገራችን የተቸገረን መርዳት በጽድቅ ሚዛን ሲለካ ኖሯል። ችግሩ ጽድቅ የሰጪው መሆኑ ነው። ሰጪው ሲመቸው ይሰጣል፣ የፈለገውን ያህል ይሰጣል፣ የቀረውን ማንም አይጠይቀውም። ለምጽዋት ሂሳብ የለውም።

ማስታወሻ ግን ሂሳብ አለው። አንድ መስመር ሲጎድል አምስት ነጥብ ይጎድላል። አምስት ነጥብ ሲጎድል የሚፈልጉት ትምህርት ክፍል መግባት ሊቀር ይችላል። እስክሪብቶውን የያዘው ሰው ሳያውቀው የሌላውን ሰው ዕውቀት መጠን እየወሰነ ነው። ይህን ያህል ሥልጣን “ለነፍሴ ብዬ ነው” በሚል ብቻ ሊያዝ አይገባም።

ደግሞ ጎጃም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቅኔው አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ወረቀት መሐል የለም። በቃል በሚሄደው ትምህርት አስቀጻዩ ከታናሹ ጋር ደጋግሞ እያለ ያስይዘዋል፤ አንዲት ቃል ዘልሎ “ይህቺን ማን ያጣታል?” ቢል መምህሩ ፊት የሚያሳፍረው እሱን ራሱን ነው። ጎጃም ውስጥ ዓይነ ሥውር ተማሪ በጉባኤው መሐል ተቀምጦ መማሩ ብርቅ ያልሆነው ለዚህ ነው። በአራቱ ጉባኤ የበቃውን ሊቅ ሕዝቡ “አራት ዓይና” ሲለው የፊቱን ዓይን እየቆጠረ አይደለም።

የማንኩሳውን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ከትምህርቱ ያራቀው ያላየው ዓይኑ ብቻ አይደለም። ጠመኔው ነው። “እንደምታዩት” የሚለው ቃል ነው።

ከሌላ ጉዳት ጋር ያሉ ተማሪዎችም በሌላ በር እዚያው ይደርሳሉ። መስማት የተሳነው ተማሪ አስተርጓሚ ቢመደብለት እንኳን ዓይኑ ከአስተርጓሚው እጅ ላይ መነሣት የለበትም። ልጻፍ ብሎ ሲያጎነብስ ትምህርቱ አለፈው። ማየትና መጻፍ በአንድ ጊዜ አይሆንለትም። ለሱም የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። እጁ የማይታዘዘው ተማሪም እንዲሁ።

*

በሁለተኛው ሴሚስተር የቡሬው ልጅ አያት አረፉ። ለቅሶ ነውና ሳይውል ሳያድር ተነሥቶ ቡሬ ገባ፣ ሰባት ቀን ቆየ።

በዚያ ሳምንት የማንኩሳው ልጅ ክፍል አልቀረም። ስልኩን ፊት ለፊት አስቀምጦ ቀዳ። ጓደኛው ሲመለስ አብረው ከፍተው ሰሙት። “ይሄንን ወደዚህ ስናመጣው... አያችሁ አይደል?... ስለዚህ መልሱ ይሄ ይሆናል።” የሳምንቱ ትምህርት ይኸው ነው። ከጎኑ የተቀመጡት ልጆች ክፉዎች ሆነው አይደለም። እያንዳንዱ “የሚጽፍለት ሰው አለ” ብሎ ያስባል። አለ፤ ቡሬ ለቅሶ ላይ ነው።

የአንድ ዜጋ የመማር መብት በሌላ ሰው አያት ጤና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት በአቅሙ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ይላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን ጠቅሶ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። የ2001 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ፣ እሱንም የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንዲያመቻቹ ግዴታ ጥለዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው መብት ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን “ፈቃደኛ አለ?” ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል።

እንደ የትነበርሽ ንጉሤ ያለ ስም ሲነሣ ሁላችንም ደስ ይለናል። ከወሎ ሳይንት ተነሥታ፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰደች ሴት ናት። “ጀግና” እንላለን፣ ልክ ነን። ነገር ግን ጀግና መሆን የመማር ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይገባም። ዓይን ያለው ተማሪ ለመመረቅ ጀግና እንዲሆን አይጠየቅም። መካከለኛ ተማሪ ሆኖ መመረቅም መብት ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም።

መምህሩ የሚጽፈውን እየጻፈ ጮክ ብሎ ቢናገር ወጪው ዜሮ ነው። “ይሄ” ከማለት ስሙን ቢጠራ እንዲሁ። ተማሪዎች የሚባዛላቸውን ጽሑፍ ፎቶ ተነሥቶ ሳይሆን በጽሑፍ ፋይል ቀድሞ ቢልክ፣ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ሶፍትዌር ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር የተወሰነውን ሥራ ያቀልለታል። ማስታወሻ ጸሐፊው አንድ ከሚሆን ሁለት ቢሆን አንዱ ሲታመም ወይም ለቅሶ ሲሄድ ትምህርቱ አይቆምም። ሁለቱ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ግማሽ ቀን ቢሠለጥኑ፣ የቡሬው ልጅ በአንድ ሴሚስተርና በጓደኛው አምስት ነጥብ የተማረውን በነፃ ይማሩት ነበር።

ከዚያ የሚቀረው የሥራው ዋጋ ነው። እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ከሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ማስታወሻ ለሚጽፍ ሰው ለብዙ ጊዜ ይከፈል ነበር። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም ይባል ይሆናል። ይሁን። ግን የምስክር ወረቀት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት ሆኖ መቆጠር፣ ወይም ለኪስ የምትሆን ትንሽ አበል ከአቅም በላይ አይደለችም። ክፍያው የሚያስፈልገው ጸሐፊውን ለማበልጸግ አይደለም። የሚከፈለው ሰው “ይህቺ መስመር የት ሄደች?” ተብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚጻፍለትም ሰው ያለ መሽኮርመም መጠየቅ ይችላል። ፍኖተ ሰላም በሽሮው ዘመን የነበረው እኩልነት ይኸው ነበር።

*

ክረምት ላይ የቡሬው ልጅ ጓደኛውን ሊጠይቅ ማንኩሳ ወረደ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ በቆሎው ደርሷል። ቤት ሲገባ አባትየው “ኖር!” ብለው ተነሡለት። “በእግዜር፣ ኧረ ይቀመጡ አባቴ” አለ አፍሮ። የተጠበሰ እሸት ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ።

አባትየው እንግዳውን ትንሽ አዩትና “የልጄ ዓይን አንተ ነህ አሉ። እግዜር ዕድሜ ይስጥህ” አሉ።

የማንኩሳው ልጅ ከምድጃው ጎን ሆኖ ሣቀ። “ዓይኔ አይደለም አባ። ጸሐፊዬ ነው።”

“ጸሐፊ?” አሉ አባትየው። “ድሮ ጸሐፊ የሚቆምለት ንጉሥ ነበር። እኛ ቤት ንጉሥ አለ በሉኛ!” ቤቱ ሣቀ።

ሣቁ ሲበርድ ግን ሰውየው ገበሬም ነጋዴም ናቸውና ነገሩን በሁለቱም በኩል አሰቡት። እሸቱን እየፈለፈሉ ጠየቁ።

“እንግዲያ ደመወዙን ማነው የሚከፍለው?”

ሁለቱ ልጆች ዝም አሉ። ጥያቄው ለነሱ አልነበረም።